የቀለሞቹ ተራ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ አቅልሞ በሚያስረክብ አንድ ፋብሪካ የምርት ዕቅድ ሠራተኛ ነበርኩ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ከአባቴ ጋር። ጠዋት በሹራብ ተጠቅልዬ በጉሙ ውስጥ እወጣና በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ስንገባ ሹራቡን አውልቄ ክንዴ ላይ እጥለዋለሁ። ፋብሪካው ከጦርነቱ በኋላ ቁስሉን ጠጋግኖ እንደገና ከተከፈተ ብዙም አልቆየም ነበር። ከማቅለሚያ ማሽኖቹ የሚሠሩት ገሚሶቹ ናቸው። ቢሆንም ያኔ ሥራ ነበረ፤ እንዲያውም ሥራው ከማሽኖቹ አቅም በላይ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጭንቀት ራሱ ጸጋ ነበር፤ ያኔ ግን ጭንቀት ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

የእኔ ድርሻ ተራ ማስያዝ ነው። የትኛው ትዕዛዝ፣ በየትኛው ማሽን፣ ከየትኛው ቀጥሎ ይቀለም የሚለውን እወስናለሁ። ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ነጭ ቀድሞ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ቢገባ ማሽኑ ለቅለቅ ተደርጎ ያልፋል። ከጥቁር በኋላ ነጭ ከመጣ ግን ማሽኑ በሶዳ ተቀቅሎ መታጠብ አለበት። እጥበቱ ግማሽ ፈረቃ ይበላል፤ ውሃውንም እንፋሎቱንም ይጨርሳል። ደንበኛ ደግሞ በቀለም ተራ አይመጣም። ጥቁሩን ያዘዘው ሰውዬ ለነገ ይፈልገዋል፤ አንሶላ ያዘዘው ሆስፒታል ነጩን ትናንት ነበር የፈለገው። ትንሹ ማሽን ትልቁን ትዕዛዝ አይችልም፤ ትልቁ ማሽን ውስጥ ትንሽ ትዕዛዝ ከገባ ቀለምና ውሃ ይባክናል። ትዕዛዞቹ ትንሽ በዛ ካሉ፣ ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢቆጥር የማይጨርሰው ይሆናል። ከእኔ በፊት ይህ ሁሉ የሚወሰነው ቢሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔና በጩኸት ነበር።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። አንድ ቅዳሜ መምህራችን ስለ ዝግመተ ለውጣዊ ስልተ ቀመር አስተማረን። ከክፍሉ ስወጣ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ያን የቀለም ተራ እያሰብኩ፣ ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ ነገር አገኘሁ አልኩ። የመመረቂያ ጽሑፌንም በዚሁ ላይ ለመሥራት ወሰንኩ።

አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ በሚባለው ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። አያቱ ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ ከእሱ ጀምሮ የመጣ ነው። እሁድ ከትምህርት ስመለስ ሱቁ ገብቼ ጣቃ በማጣጠፍ አግዘዋለሁ።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ የምትማሪው?» አለኝ አንድ እሁድ፣ መጽሐፌን እያየ።

«የዝግመተ ለውጥን አሠራር ወስዶ ሒሳብ የሚሠራ ነገር ነው አባባ።»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በላዩ አየኝ። «ከዝንጀሮ መጣችሁ የሚሉን ነገር ነው?»

«አይ፣ አይደለም። ገራዶ ያሉት አጎቶቼ በግ ሲያረቡ ምን ያደርጋሉ? ደህናውን አውራ ለደህናዋ እናት ይተዋሉ፣ ደካማውን ይሸጡታል። ከግልገሎቹ መሃል ከአባትም ከእናትም የሚበልጥ ይወጣል። እኔም በበግ ፈንታ ተራ ነው የማረባው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ እንዲሁ በዘፈቀደ ብዙ ዓይነት ተራ ያወጣል። ሁሉንም ይመዝናል፤ ስንት እጥበት አለበት፣ ስንት ደንበኛ ይዘገይበታል ብሎ። ከዚያ ደህና ደህናዎቹን ያጋባቸዋል። ልጁ ግማሹን ከአባቱ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት ሁለት ቀለሞች ቦታ እንዲለዋወጡ አደርጋለሁ፤ ካልታሰበ ቦታ ጥሩ ነገር ሊወጣ ይችላል። እንዲህ እያለ ትውልድ በትውልድ ይሻሻላል።»

«ደካማውስ?»

«ይጠፋል።»

«ምስኪን» አለ አባቴ። ከዚያ ሜትሩን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። «ይሁን፣ አላህ ያግራልሽ።»

ፋብሪካው ውስጥ ከሁሉ ቀድመው የሰሙኝ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጣቶቻቸው ጥፍራቸው ሥር ድረስ ሰማያዊ ናቸው። ብዙ ዘመን ከኬሚካል እንፋሎት ጋር ስለኖሩ አፍንጫቸው ማሽተት አቁሟል፤ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ወጡ ምን እንደሆነ የሚያውቁት በዓይናቸው ነው። ዕቅዴን ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲያልቅ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አሉ።

«ያለ እርስዎ አያልቅም ጋሼ።»

እውነቴን ነበር። ከየትኛው ቀለም ወደ የትኛው ሲኬድ ምን ያህል እጥበት እንደሚያስፈልግ ለኮምፒውተሩ መንገር ነበረብኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ አንዳንዴም አብረን ማሽኑ ጋ ሄደን እናረጋግጣለን። እሳቸው ተሳስተው የተገኙበት ጊዜ አለ፤ እኔም የተሳሳትኩበት አለ። ሁለታችንም ደስ ይለን ነበር። አብሮ የሚያስብ ሰው ማግኘት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ያሳፍር ነበር። አንድ ጊዜ በጣም ቆንጆ ተራ አወጣልኝ፤ እጥበት የለ፣ መዘግየት የለ ማለት ይቻላል። አትሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አራቅ አድርገው ካነበቡ በኋላ፣

«ይሄ የደሴው ልብስ ሰፊ ምን አድርጎሽ ነው?» አሉኝ።

«እንዴት?»

«አረንጓዴው ትዕዛዝ የእሱ አይደል? ያለፈው ወረቀትሽ ላይም መጨረሻ ነበር። አሁንም መጨረሻ ነው።»

ሳየው እውነት ነው። ሰውዬው የሚያዘው ትንሽ ነው፤ ቀለሙም ከማንም ቀለም ጋር አይጠጋም። ስልተ ቀመሩ እሱን እየሠዋ ሌላውን ሁሉ እንደሚያስደስት በራሱ ደርሶበታል። ማንም አላዘዘውም። ፕሮግራሙ ትዕዛዝ ሲያዘገይ የሚቆጠርበትን ቅጣት እንደ ትዕዛዙ ክብደት አስቤው ስለነበር፣ ትንሽ ሰው ቢዘገይ የሚሰማው የለም ማለት ነው። ቅጣቱ በቀኖቹ መጠን እየከበደ እንዲሄድ አድርጌ አስተካከልኩት። አረንጓዴው ከወረቀቱ ግርጌ ተነስቶ መሃል ገባ። ጋሼ ሳቁ።

ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲሉ፣ የደንብ ልብስ ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ አንድ ደህና ሳምንት ሆነልን። ሁሉም ነገር በወረቀቱ መሠረት ሄደ። የምርት ሥራ አስኪያጁ፣ ሁልጊዜ እየሮጠ የሚናገር ሰው፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆም ብሎ «ማነው ይሄን ያወጣው?» አለ፤ መልሱን ግን አልጠበቀም። ከማሽን ሠራተኞቹ አንዷ ጓደኛዬ ነበረች፤ ከሐርቡ አካባቢ ገጠር መጥታ ኮምቦልቻ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር። ከፈረቃ ስትወጣ በር ላይ አገኘችኝና ሻሿን ገለጥ አድርጋ ጸጉሯን አሳየችኝ።

«እዪው፣ በእንፋሎት አልራሰም፣ ደረቅ ነው! ሳምንቱን ሙሉ አንድም ማሽን አላጠብኩም። ያ ሶዳ እጄን አልበላኝም። ወላሂ ዱዓ አደርግልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ እንደዚያ ብሎ ያመሰገነኝ ሰው የለም።

ከዚያ መብራት መጥፋት ጀመረ። ድሮም ይጠፋ ነበር፤ አሁን ግን ሥራ መሃል ላይ ነው። ጨርቅ ቀለም እየጠጣ ሳለ መብራት ከጠፋ ይዥጎረጎራል፤ የተዥጎረጎረ ጨርቅ ያለው ዕጣ ደግሞ ጥቁር መሆን ብቻ ነው። ሮዝ ሊሆን የገባው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያ ጥቁር ደግሞ ተራውን ሁሉ ያናጋል። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። መብራት እንደሚጠፋ ታሳቢ አድርጌ፣ እያንዳንዱን ተራ በብዙ ግምታዊ መቋረጥ ውስጥ አሳልፌ፣ ቢቋረጥም ብዙ የማይጎዳውን እንዲመርጥ አደረግሁ። በሳይንሱ በኩል ጥሩ ሥራ ነበር። ሒሳቡ ግን ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ሒሳቡ ሳያልቅ መብራቱ ይጠፋና ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። ጨለማው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ መብራት እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ትውልድ እጀምራለሁ።

ቀጥሎ የቦይለሩ ነዳጅ ጠፋ። ሲገኝ ማሽኖቹ ይሞቃሉ፤ ሲጠፋ ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ ቀለም ራሱ ማለቅ ጀመረ። ቀለሙ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ለእሱ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ባንክ ተራ ይጠበቃል። የባንኩን ተራ የሚያሻሽል ስልተ ቀመር የለኝም። መጀመሪያ ያለቀው ቀይ ነው። ጋሼ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ፤ የሰው ሞት እንደሚያረዳ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቀይ አለቀ ልጄ።»

ቀይን ከፕሮግራሙ አወጣሁት። ቀይ ሲወጣ ብርቱካናማውም፣ ሐምራዊውም፣ ቡኒውም ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ተከተለ፤ ቢጫ ሲሄድ የልብስ ሰፊው አረንጓዴም ሄደ። ሰውዬው ደውሎ አልተቆጣም፤ ሌላ ቦታ ማዘዝ እንደጀመረ ቀድሞ ሰምተን ነበር። አንድ እሁድ አባቴ ሱቅ መደርደሪያው ላይ አዲስ የመጣ አረንጓዴ ጣቃ አየሁ። ከቻይና ነው። በጣቶቼ መሃል አሸሁት። ቀለሙ ወጥ ነው፣ ዋጋውም ከእኛ ፋብሪካ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

«ደህና ጨርቅ ነው» አለ አባቴ፣ ፊቴን እያየ። ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«ደህና ነው አባባ።»

ምን ልበለው? ሱቁን በእኛ ጨርቅ ሊሞላ ቢፈልግ እንኳ የምንሰጠው ቀለም የለንም።

የሥራ መቀዝቀዙ መጀመሪያ የነካው የማሽን ሠራተኞቹን ነው። አንዱ ፈረቃ ታጠፈ፣ ከዚያ ሌላው። የሐርቧ ጓደኛዬ እረፍት ውጡ ከተባሉት ውስጥ ነበረች። አገሯ ገብታ ከቤተሰቧ ጋር ትንሽ ከቆየች በኋላ ደሴ መጥታ ሱቅ ድረስ ፈለገችኝ። አዲስ ጥቁር አባያ ለብሳለች። ሳያት ገባኝ።

«አረብ አገር ነው?» አልኳት።

«ወረቀቱ አልቋል። አፉ በዪኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ምን በድለሽኝ?»

«ሰው ሲሄድ ይባላል እኮ። አብረን ሠርተናል፣ አብረን በልተናል። ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ካለ አፉ በዪኝ።»

«አፉ ብያለሁ። አንቺም አፉ በዪኝ።»

«ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ትነግሪኛለሽ አይደል?»

«እነግርሻለሁ» አልኳት። አባቴ ከመደርደሪያው አንድ ሻሽ አውርዶ በወረቀት ጠቀለለና ሰጣት። ተቀብላ እጁን ሳመች፤ እሱም መንገዷን እንዲያቀናላት ረጅም ዱዓ አደረገላት። ገበያው ውስጥ እስክትጠፋ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ሰኞ ገበያ ሰውን ቶሎ ይውጣል።

የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩት በዚያ ወር ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የታየው የግራፍ መስመር ያምር ነበር፤ ትውልድ በጨመረ ቁጥር የእጥበቱ ሰዓት ወደ ታች ይወርዳል፣ መዘግየቱም አብሮ ይወርዳል። ፈታኞቹ ረክተዋል። አንደኛው፣ ጨዋ ሰው፣ «ፋብሪካው አሁንም ይጠቀምበታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይጠቀምበታል» አልኩ።

አልዋሸሁም። በየሳምንቱ መጀመሪያ ፕሮግራሙን እከፍታለሁ፣ የመጣውን ትዕዛዝ አስገባለሁ፣ አሠራዋለሁ፣ አትሜ ለጋሼ እሰጣለሁ። የመጣው ትዕዛዝ ምን ያህል እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም። እጃቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ ጨበጡኝ። እናቴ በሕይወት ብትኖር ደስ ይላት ነበር እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ፤ ለራሴ ግን ደስታውን ከየት እንደማመጣው አላውቅም ነበር።

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ቢሮዬ መጡ። የማቅለሚያ ክፍሉ ጸጥታ ስለሚያስፈራቸው እኔ ጋ እየመጡ መቀመጥ ልማድ አድርገው ነበር። ያን ሳምንት ያለን ሰማያዊና ጥቁር ብቻ ነው፤ የሚሠራውም አንድ ማሽን ነው። ወረቀቱን አዩት።

«ሰማያዊ ቀድሞ፣ ጥቁር ቀጥሎ» አሉ። «ይሄን እኮ ማንም ያውቀዋል ልጄ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እስቲ ግን ሲሠራ አሳዪኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ወረቀቱን ነው እንጂ እሱን አይቼው አላውቅም።»

ወንበር አቀረብኩላቸው። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። መልሱ ገና በመጀመሪያው ትውልድ ወጣ፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ከዚያ ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ መውረድ ቀጠሉ። ሰማያዊ፣ ጥቁር። ሰማያዊ፣ ጥቁር። አባትና እናቱ አንድ ናቸው፣ ልጁም እነሱኑ ይመስላል። አልፎ አልፎ ያ ያለ ምክንያት የሚደረገው ለውጥ ይገባና ጥቁር ከሰማያዊ ይቀድማል፤ ወዲያው በሚቀጥለው ትውልድ ይጠፋል።

«ካገኘው ለምን አይቆምም?» አሉ ጋሼ።

«እንዲያቆም የነገርኩት ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ትዕዛዙ ብዙ ስለነበር ቶሎ እንዳይተው ብዬ ነው።»

«አሁን ብታስተካክዪውስ?»

«ማስተካከል ይቻላል።»

አላስተካከልኩትም። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ሁለታችንም ሒሳቡ እስኪያልቅ አየነው። ሲያልቅ ጋሼ ተነስተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ «ጎበዝ ነሽ» ብለውኝ ወጡ። ምርቃት መሆኑ ይገባኛል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን አለቀስኩ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብዙ አልቆየንም። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። እንደ ልማዱ እየሮጠ አልተናገረም፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል።

«የዕቅድ ክፍሉን ለጊዜው እናጥፈዋለን» አለ። «የሚታቀድ ነገር ሲመጣ እንጠራሻለን።»

«ይመጣል ብለህ ታስባለህ?»

«እኔንም አዲስ አበባ ያሉት አለቆቼ እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ሲመጣ እንነግርሃለን ይሉኛል» አለ። ልጨቃጨቀው አስቤ ነበር የሄድኩት፤ ግን አሳዘነኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ታቅፋው የነበረው ሕፃን ሹራቤን ይዞ ተኛ፤ ደሴ እስክንገባ እንዳይነቃ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ቢያንስ ለዚያ የጠቀምኩ መሰለኝ።

አሁን አባቴ ሱቅ ነው የምውለው። ፋብሪካው በሰው አፍ ይከፈታል፣ በሰው አፍ ይሸጣል፤ በሩ ላይ ግን ጥበቃው ብቻ ነው ያለው። ለጓደኛዬ የምነግራት ወሬ የለኝም፤ አንዳንዴ በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች፣ ሌላ ሌላ እናወራለን። ያስተማረኝ መምህር አንድ ቀን ደውሎ የትዕዛዞቹን መረጃ ለክፍል መለማመጃ እንድሰጠው ለመነኝ። ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ማንንም አይጎዳም ብሎ ሥራ አስኪያጁ ፈቀደ። የደንበኞቹን ስም ሰርዤ፣ ሥራ የበዛበትን የዚያን ደህና ሰሞን መረጃ ላክሁለት።

በቅርቡ አንድ የማላውቀው ልጅ ደወለልኝ። የመምህሩ ተማሪ ነው። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«ይቅርታ፣ ስለረበሽኩዎት። የእርስዎን ውጤት አሻሻልኩት! የማጋቢያውን መንገድ ቀይሬ ነው። እጥበቱ ከእርስዎም ያንሳል።»

«ማሻአላህ» አልኩት። ከልቤ ነበር። «እንዴት አድርገህ?»

ነገረኝ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ እኔ ያላየሁት። አንድ ሁለት ነገር ጠየቅሁት፣ በደንብ መለሰ። ሱቁ ውስጥ ጣቃዎቹ መሃል ቆሜ፣ ለአፍታ ያ የድሮው ጉጉት ደረቴ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

«ለፋብሪካው ልልክላቸው እችላለሁ?» አለ። «በዚህ ቢሠሩበት ብዙ ውሃ ይቆጥባሉ።»

«ፋብሪካው ቆሟል» አልኩት።

«እ... መቼ ነው የሚጀምረው?»

«አላውቅም።»

ከዚያ፣ ልጅ ነውና፣ «መረጃው ግን በጣም ደስ የሚል ነው፤ ከባድ ነው» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ብዙ ትዕዛዝ ነበረን።»

አመስግኖኝ ዘጋ። አንዲት ደንበኛ ከፊቴ ቆማ የመጋረጃ ጨርቅ ጫፍ ይዛ ትጠብቀኛለች። ስንት ሜትር እንደምትፈልግ ጠየቅኋት።